አርባ ሁለት ሰው ያዳመጠው ልብ

የወንድሜ የልጅ ልጅ በእምነት ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታለች። ትምህርቷ እዚሁ ወልቂጤ ስለሆነ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች አናቶሚና ፊዚዮሎጂዋን ጮክ ብላ ታነበንባለች፤ የእጅ አጥንት፣ የእግር አጥንት፣ የአንጀት ርዝመት፣ የኩላሊት ሥራ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማታለሁ። ስትሳሳት አርማታለሁ። "እማማ አስካለ፣ እስከ ዛሬ አልረሳሽውም እንዴ?" ትለኛለች እየሳቀች። ሰሞኑን ልብ ላይ ደርሳለች። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሐምራዊ ቀለም ያለው አዲስ የልብ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ቁጭ በይ፣ ልብሽን ላዳምጠው፣ ነገ ፕራክቲካል አለን" ብላ እጇን ወደ ደረቴ ስትዘረጋ መታሁት። አዎ፣ መታሁት። "የሰው ደረት መጫወቻ አይደለም!" ብዬም ጮህኩባት። ልጅቷ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። ዕድሜ ልኳን ነርስ ሆና ጡረታ የወጣች አሮጊት በአንድ ማዳመጫ ለምን እንደምትደነግጥ ከየት ታውቀዋለች?

እኔ ነርስ የሆንኩት ቡታጅራ ነው። መንግሥት ተለውጦ ነገሩ ሁሉ ገና ሳይረጋ፣ ሰው የግል ኮሌጅ የሚባል ነገር ሲሰማ "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" በሚልበት ጊዜ። የዛሬው ባጃጅ የት ነበረና፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያው በጋሪ በስሙኒ እንሄድ ነበር። ፈረሱ አቀበት ላይ ከደከመው ወርደን እንገፋለን፤ ሒሳቡ ግን አይቀንስም። ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን በራፍ ላይ አውጥተው ከጠዋት እስከ ማታ የጉራጊኛ ጭብጨባ ይለቁታል፤ ከክፍል ወደ ቤት ስንሄድ እግራችን ሳናውቀው በዚያ ምት ይረግጥ ነበር። ነጭ ጋዋናችንን ያሰፋነው ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ከሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው፣ ከአቡጀዲ። ሁለቴ ሲታጠብ የቅቤ ቀለም ያወጣል። የሴቶቹ ፋሽን ረጅም ጉርድና ጠባብ ሹራብ ነበር፤ የወንዶቹ ደግሞ ሦስት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ሸሚዝ ሱሪ ውስጥ ከትቶ በቀበቶ ማነቅ። ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ፎቁን አያለሁ፣ መስታወቱን አያለሁ፤ ልብስ ሰፊው የተቀመጠባትን በረንዳ ግን አጥቻታለሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት በእምድብር በኩል አንድ የገጠር ክሊኒክ ውስጥ ስምንት ዓመት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ቃል የገባልኝ ሰው አዲስ አበባ ወርዶ ሌላ አገባ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔ ራሴ ደብተር ይዤ ከአሥራ ስምንትና ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። "ትልቋ" ነበር የሚሉኝ። በክብር ነው የሚሉኝ፤ እኔ ግን በጠሩኝ ቁጥር ዕድሜዬን የሚነግሩኝ ይመስለኝ ነበር።

ሙኒራ ከእንሴኖ ነው የመጣችው። አባቷ በርበሬ አምራች ናቸው። ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ቀጭን፣ ቁመተ ሎጋ፣ ቀይ ሻሽ የማይለያት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። አንድ ክፍል ለሁለት ተከራየን። ቆጮውን፣ ጎመኑን፣ ሽሮውን አብረን እንበላለን፤ ሥጋ ብቻ ለየብቻችን፣ በየድስታችን። እሷ ስትሰግድ እኔ ድምፄን ቀንሼ አነባለሁ፤ እኔ ስጾም እሷ አጠገቤ ወተት አትጠጣም። በትምህርት የሚደርስባት አልነበረም። ያንን ምላስ የሚያስር የአጥንት ስም ሁሉ በጭብጨባ ዘፈን ዜማ አስገብታ ታዜመው ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ከእሷ ተምሮ ፈተና ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጽፋል። አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ እኔ። እሷ ስትዘፍን ገብቷት ታድራለች፤ እኔ ራሴን በሻሽ አስሬ ሸምድጄ ነው። ደግሞም ታጭታ ነበር። ከድር ይባላል፣ ቡታጅራ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። ሐሙስ ሐሙስ በብስክሌት ይመጣና ሙዝ ለአከራያችን ሰጥቶ፣ ግቢ ሳይገባ በር ላይ ቆሞ ሁለት ቃል ተናግሯት ይሄዳል። ለዚያ ሁለት ቃል ስትል ከረቡዕ ጀምራ ሻሿን ታጥብ ነበር።

አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የሚያስተምረን አቶ ተካልኝ የሚባል ሰው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከአዲስ አበባ ይመጣል። ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን በመሐረብ ይወለውላል። ኮሌጁ መንጋጋ ከሌለው አንድ የፕላስቲክ አፅም ሌላ ማስተማሪያ አልነበረውም፤ አቶ ተካልኝ ግን አልቸገረውም። "አጥንት ከፕላስቲክ አይማሩም" ይልና አንዱን ከመካከላችን ያስነሳል። እግሩ የተወላገደውን ልጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አስጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ያቆመዋል። እንቅርት ያለባትን ከአገና የመጣች ልጅ አንገቷን ቀና አስደርጎ በእንጨት ማስመሪያ እየነካ ያሳያል፤ "ዋጪ! አያችሁ፣ ወጣ ወረደ" ይላል። እኛ እንስቃለን። በማን እንደምንስቅ ግድ አልነበረንም፤ የዛሬው ተረኛ እኛ አለመሆናችን ይበቃናል።

የልብ ፕራክቲካል ቀን ማዳመጫው አንድ ነበር። አቶ ተካልኝ ዓይኑን አዟዙሮ "ቀጭን ሰው እፈልጋለሁ፣ ስብ ድምፅ ያፍናል" አለና ሙኒራን ጠራ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። የሸሚዟን ሁለት ቁልፍ ራሷ እንድትፈታ አደረገና ማዳመጫውን ከግራ ጡቷ በታች አኖረ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ፤ ገበያ መሐል ወርቅ ወድቆ እንዳገኘ ሰው።

"ዝም በሉ!" አለን፤ ያወራ ሰው አልነበረም። እንደገና አዳመጠ። "ዕድለኞች ናችሁ። ይህን ድምፅ ለመስማት ሌላው ተማሪ ዓመት ይጠብቃል። ተሰለፉ!"

ከእሷ ሌላ አርባ ሁለት ነበርን። ሴቱም ወንዱም ተሰለፍን። አንዱ ለሌላው ማዳመጫውን እያቀበለ፣ አንዱ "እኔ አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ" እያለ፣ እጁ የሚቀዘቅዘውም የሚያልበውም ደረቷን እየነካ አለፈ። ሙኒራ ኮሌታዋን በጡጫዋ ጨብጣ ጣራውን ታያለች።

"ቲቸር፣ ምን ሆኜ ነው?" አለችው መሐል ላይ።

"አንቺ ዝም ብለሽ ተንፍሺ።"

ተራዬ ሲደርስ እኔም ሰማሁ። በሁለቱ ምቶች መካከል ሽው የሚል ነገር አለ፤ በርበሬ በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። "አስኩ?" አለችኝ በዝግታ። ማዳመጫውን ከኋላዬ ላለው ልጅ አቀበልኩ።

ሁሉም ሰምቶ ሲያበቃ አቶ ተካልኝ ጠመኔ አነሳ። "ቫልቩ አይገጥምም። ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጻፉ። እንዲህ ያለ ሰው ከጊዜ በኋላ ይደክማል። እግሩ ያብጣል። ተኝቶ መተንፈስ ያቅተዋል። ጽፋችኋል?" ሙኒራም ጻፈች። በአንድ እጇ ሸሚዟን ይዛ፣ በሌላው ጻፈች። በሁለት ሳምንቱ ፈተና መጣ፤ አራተኛው ጥያቄ "የሙኒራን የልብ ድምፅ ከነምክንያቱና ከነመጨረሻው ግለጽ" የሚል ነበር። ከሁላችንም አብልጣ የመለሰችው እሷ ነበረች፤ ሙሉ አገኘች። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ "ቫልቭ" ሆነ። ወንዶቹ በር ላይ ቆመው ስታልፍ በአፋቸው ያንን ድምፅ ያወጡላት ነበር።

አሁን የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ። መጽሐፉ አንድ ነበር፤ በሰዓት ተራ እየተዋስን ነው የምናነበው። የኔ ተራ ቅዳሜ ደረሰ። ሙኒራ ወላጆቿን ልትጠይቅ እንሴኖ ሄዳለች። አቶ ተካልኝ ያቆመበትን ገጽ ጨርሼ ወደሚቀጥለው ገለጥኩ። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር በሽታ ነው ማለት እንዳልሆነ ይናገራል፤ በቀጫጭን ወጣቶች፣ ደም ባነሳቸው ሰዎች ላይ እንዲሁ ሊሰማ እንደሚችል፣ ደሙ ሲስተካከል እንደሚጠፋም። ሙኒራን ከልቡ ፕራክቲካል ትንሽ ቀደም ብሎ ወባ ጥሏት ነበር። ያስታመምኳት እኔ ነኝ። የዓይኗን ሽፋን ገልብጬ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር። በስምንት ዓመት ሥራዬም እውነተኛ የልብ በሽተኛ አይቻለሁ፤ እንደ ሙኒራ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዞ ዳገት እየዘፈነ አይወጣም። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሰኞ ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ ይህ እውነት ነው።

ሰኞ መጣች። ለሠርጓ የተገዛላትን አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ መጥታ አልጋዬ ላይ ዘረጋችው። "እናቴ አለቀሰች፣ አባቴ ግን ወፍረሽ ነው የምትሄጂው ብሎ ቅቤ አስያዘኝ" አለች። ሻሿን ፈታ ጨርቁን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በትንሿ መስታወት አየችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ አንዳች ክፋት ሳይኖርባት፣ "አስኩዬ፣ አንቺስ መቼ ነው የምታገቢው?" አለችኝ። "እንጃ" አልኳት። ስለ መጽሐፉ ሳልነግራት ቀረሁ። በማግስቱም አልነገርኳት።

የከድር እናት እትዬ ረሂማ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው፤ ሙኒራ ክፍል እያለች፣ እኔ ልብስ ሳጥብ። ወሬው ሱቃቸው ድረስ ሄዷል። ሰላምታው እንዳለቀ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ሰው ብዙ ያወራል። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ስንት ዓመት በሽተኛ ያየሽ ነሽ። ከአላህ በታች አንቺን አምናለሁ። የልጅቷ ነገር እንዴት ነው?"

"እትዬ፣ ጓደኛዬ ናት እኮ።"

"እሱን አውቄ አይደል የመጣሁት?"

አረፋውን ከእጄ ላይ ጠረግሁ። "ልቧ ደህና አይደለም" አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አቶ ተካልኝ ያለው ይህንኑ ነው። ስለ መውለድ ግን አንድ ቃል አልተናገረም፤ ያንን የጨመርኩት እኔ ነኝ። "ሥራ ትሠራለች። ካረገዘች ግን ትሞትባችኋለች።"

እትዬ ረሂማ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። "ያ አላህ! ከሬሳ ጋር ላጋባው ነበር!" አሉና ተነስተው ትከሻዬን ሳሙኝ። ምን ተሰማኝ? ደስታ ነው እንዳልል ደስታ አልነበረም። ስንት ቀን ተሸክሜ የከረምኩትን ጭነት ሌላ ሰው ራስ ላይ ያወረድኩ መሰለኝ። ልብሱን አጥቤ ጨርሼ አሰጣሁት። የሷም ጋዋን ነበረበት።

ሐሙስ ከድር ሙዝ ሳይዝ መጣ። ከብስክሌቱም አልወረደም። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እሷ ብቻ ተመልሳ ገብታ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። "ማን ነገራቸው?" አለችኝ። "ያ ሁሉ ሰው ሰምቶት የለ?" አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው የተመቸኝ። ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔም ፀጉሯን ዳበስኩ። በወሩ አባቷ ሊወስዷት መጡ። ለመጨረስ አራት ወር ቀርቷት ነበር። "የታመመች ልጅ ተምራ ማንን ታክማለች?" አሉ። በር ላይ እኔን ነጠል አድርገው "ልጄ፣ እውነት ነው?" ሲሉኝ "እውነት ነው፣ አባባ" አልኳቸው። በምርቃቱ ቀን አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ጭብጨባው ረጅም ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ የተመደብኩት መስቃን ገጠር ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ አንድ ቀን በር ላይ ቀይ ሻሽ አየሁ። ሙኒራ ናት። ኑርጋ ለሚባል ሚስቱ ለሞተችበት የበርበሬ ነጋዴ ድረዋታል፤ አምስት ልጆች አሉት። የፈለጋት ስለማትወልድ ነው። ለልጆቹ አሳዳጊ ይሻ ነበር እንጂ ሌላ ወራሽ አይሻም። አቅፋ ሳመችኝና ከሰው ገለል አድርጋ፣ "አስኩ፣ የሦስት ወሩን መርፌ ውጊኝ። ባረግዝ ምን እንደምሆን አንቺ ታውቂያለሽ" አለችኝ።

ወጋኋት። በየሦስት ወሩ ትመጣለች፣ በየሦስት ወሩ እወጋታለሁ። እንደዚህ ከሃያ ዓመት በላይ ኖርን። ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም፤ የተፈጨ በርበሬ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ። ተራ ስትጠብቅ ለክትባት የመጡትን ሴቶች ሕፃን ትቀበላለች። አናቱን አሽትታ፣ "ማሻአላህ" ብላ ትመልሳለች። የኑርጋ ልጆች በስሟ ነበር የሚጠሯት።

አንድ ቀን፣ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ይመስለኛል፣ "እስቲ አዳምጪልኝ፣ ሽቅብ ስወጣ አይደክመኝም፣ እግሬም አላበጠ" አለችኝ። አልጋው ላይ አስተኝቼ አዳመጥኩ። ፊቷ ቀልቷል፣ የዓይኗ ሽፋን ውስጡ ደም መስሏል። ልቧም እንደ ደህና ፈረስ ኮቴ ኳ ኳ ይላል፤ በመሐሉ ምንም የለም። ደጋግሜ አዳመጥኩ። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበረች። ያኔ ብናገር መጽሐፉን ማንሳት ነበረብኝ፣ እትዬ ረሂማን ማንሳት ነበረብኝ። እንጀራዬን፣ "ሲስተር" መባሌን፣ በየሦስት ወሩ አቅፎ የሚስመኝን ሰው ማጣት ነበረብኝ።

"ያው ነው?" አለችኝ።

"ያው ነው" አልኳት። "መርፌው ነው ያቆየሽ።"

"አላህ ይስጥሽ" ብላ ክንዷን ሰጠችኝ።

ጡረታ ወጥቼ ወልቂጤ ከገባሁ በኋላ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው። አምና ደወለችና እያለቀሰች እየሳቀች "ድኛለሁ! አስኩዬ፣ ድኛለሁ!" አለችኝ። ደም ግፊት ጀማምሯት ወደ አንድ ወጣት ሐኪም ሄዳ ልቧን በመሣሪያ አይቶላታል። "ምንም የለሽም አለኝ። እንዲያውም መቼም ታሞ አያውቅም ይለኛል! ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል? ያ ሁሉ ተማሪ ሰምቶት የለ? ሰደቃ አዘጋጅቻለሁ፣ ሳትመጪ እንዳትቀሪ።"

ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምነግራትን ነገር ሳዘጋጅ ቡታጅራን ማለፌን እንኳ ልብ አላልኩም። እንደደረስኩ እጇን ይዤ ወደ ጓሮ እወስዳትና፣ ከቅዳሜዋ መጽሐፍ ጀምሬ እነግራታለሁ። እንሴኖ ስወርድ እሷ ራሷ መናኸሪያ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቤቷ በሰው ተሞልቷል። በግ ታርዷል፤ ለእኔ ለብቻ ቆጮ በአይብና በጎመን ተሰናድቷል። ከትራሱ ሁሉ ወፍራሙን መርጣ ደግፋኝ አስቀመጠችኝ። "ይቺ ናት" አለቻቸው ለሰዎቹ፣ "እሷ ባትኖር ኖሮ ገና ድሮ ከአፈር በታች ነበርኩ።" አንድ ሽማግሌ ተነሱና ለእኔ ዱዓ አደረጉ። ዕድሜ ይስጣት፣ እጇን ይባርከው አሉ። ቤቱ በሙሉ እጁን ዘርግቶ "አሚን!" አለ። እኔም እጄን ዘርግቼ "አሚን" አልኩ።

ሲበላ ሲጠጣ ጨዋታው ደራ። ሙኒራ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ሃምሳ ዓመቷን አልፋለች፤ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ድንገት ወደ እኔ ዞራ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እንግዲህ ሲስተር፣ ልቤ ከዳነ አሁን አንድ ልጅ ብወልድስ?" አለችኝ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ "ኑርጋ ይቻለዋል?" ብላ ጨመረችበት፤ ሳቁ እንደገና አገረሸ። ሙኒራ ከሁሉም ቀድማ ሳቋን ጨረሰችና እጇ አፏ ላይ እንዳለ መሬት መሬቱን ታይ ጀመር። እኔ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ድረስ ሳቅሁ።